ኡሊግ የሚቀሰቅስለት የከተማችን ስም

ውድ እህቴ ሄልጋ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ከካናዳ ብርድ ጋር ታረቀ ወይ? ባለቤትሽ ቫልተርስ ጤናው እንዴት ነው? እኔ ከዚህች ሳሌ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴ ሃነሎረ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር እንዳለ ነው፤ ጸሎቴ ግን አልተቋረጠም።

በሐምሌ ብመጣ ያሰጋኛል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። በኮሚኒስቶቹ ዘመን ድንበር ሰብረሽ የወጣሽ ነሽና አልፈርድብሽም። መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን ከታች ስለሚኖረው ጎረቤቴ ስለ ኡሊግ ልንገርሽ።

ኮሚኒስቶቹ ለከተማችን ያለ ፈቃዳችን የሰጡት የካርል ማርክስ ስም እንዲነሳ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ፣ ከአራት ሰው ሦስቱ የድሮው ስም ኬምኒትስ ይመለስ አለ። ሲቀሰቅስ የከረመው ማን ይመስልሻል? ያው ኡሊግ። ድሮ ደረጃው ላይ ኬምኒትስ ስል ቢሰማኝ፣ "ጎረቤት፣ እንዲህ የሚባል ከተማ የለም፤ ካርል ማርክስ ሽታት ይበሉ" ይለኝ የነበረው። ዘንድሮ "የአባቶቻችን ንጹሕ የጀርመን ስም" እያለ በየበሩ ሲያንኳኳ ከረመ። ቄሳችን ሰምተው ሳቁ። "የምን ጀርመን! ከእኛ በፊት እዚህ የነበሩት ስላቮች ለወንዙ ያወጡት ነው፤ ድንጋያማ ወንዝ ማለት ነው" አሉኝ። ትርጉሙን ሳያውቅ በስሙ የሚምል ሰው ነገ በሌላ ስም አይምልም?

ያኔ ልጽፍልሽ ያልደፈርኩት ነገር አለ። በሃነሎረ ቀብር ላይ ቄሱ "በኬምኒትስ ተወልዳ" በማለታቸው በሳምንቱ ባለሥልጣናቱ ዘንድ ተጠርተው ተገሠጹ። ማን እንዳሳበቀ አላወቅሁም፤ ልቤ ግን ኡሊግን ይዞ ቀረ። አሁን ደግሞ ደረጃ የማጠብ ተራዬ ሲደርስ፣ በሬ ላይ የተንጠለጠለችውን የተራ ሰሌዳ ወስዶ እሱ ያጥብልኛል። ደግነቱ ይበልጥ አስፈራኝ። ባለፈው ቅዳሜ፣ ያኔ ያሳበቁት እርስዎ ነበሩ ወይ አልኩት። መወልወያውን አቁሞ፣ "አቶ ሎረንትስ፣ በዚህ ቤት ያላሳበቀ ሰው ካለ ይጥሩልኝና እጁን ልሳም" አለኝ። አዎም አላለ፣ አይደለምም አላለ።

አባታችን ሆይ ስል "የበደሉንን ይቅር እንደምንል" ላይ ስደርስ እደናቀፋለሁ። መበደሉን ሳላውቅ ምኑን ይቅር ልበለው? ብቸኝነት ያመጣብኝ ጥርጣሬ ይሆን ብዬም ራሴን መረመርኩ፤ እሱም አልለየልኝም። እኔም ድምፄን ለኬምኒትስ ሰጥቻለሁ። ኡሊግ ሲጠይቀኝ ግን ምስጢር ነው አልኩት።

ነዪ እህቴ። ባቡር ጣቢያ እጠብቅሻለሁ። ኡሊግ ሻንጣሽን ልሸከም ማለቱ አይቀርም፤ ስጪው። እኔ ከኋላው ደረጃውን እወጣለሁ።

ልጅሽን ካሪንን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ቫልተርን እጁን ጨብጠሽ ሰላም በይልኝ። አማትሽንም እንደማስባቸው ንገሪልኝ። ጌታ በመንገድሽ ይቅደም።

ወንድምሽ ራይንሆልት
ካርል ማርክስ ሽታት፣ ከመጪው ሰኔ ጀምሮ ኬምኒትስ
እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 1990