ቤት የከበደው ላፕቶፕ

ጥቅምት 4

ከቢሮ ቀጥታ ወደ ቤት። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ያብለጨልጫል። ለእማዬ የዓይን ጠብታዋን አደረግኩላትና ላፕቶፑን ከፈትኩ።

ያው የድሮ ቤታችን። መንገድ ሲሰፋ የፈረሰው። ቀን የሰው ቤት ስነድፍ እውላለሁ፣ ከሥራ መልስ ደግሞ የራሳችንን። ሰው በስክሪኑ ውስጥ ገብቶ የሚዞርበት አድርጌ ነው የምሠራው። በሩ አለቀ። ሳሎኑ አለቀ። የጓሮውን የኮክ ዛፍ ስጨምርበት ግን … ቀጥ። ምስሉ ደረቀ። ማራገቢያው ብቻ ይጮኻል።

«ምን ሆነ?» አለች እማዬ ከሶፋው።

«ከበደው።»

«ቤቱ?»

«ኮኩ። ቅጠሉ በዛበት።»

«አይፈረድበትም። እኔንም ያንን ቅጠል መጥረግ ወገቤን ቆርጦት ነበር።»

ጥቅምት 7

ሐኪም ጋ ሄድን። «የጠፋው አይመለስም እናቴ፣ የቀረውን ግን በጠብታው ለማቆየት እንሞክራለን» አላት። «ይሁን» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች፣ ስለ ሌላ ሰው የተነገራት ይመስል።

ታክሲ ውስጥ እጄን ያዘች። «እንግዲህ ቶሎ በይ። ዓይኔ ጭራሽ ሳይፈዝ ቤቴን አሳይኝ።»

ስትቀልድ ነው የለመድኳት። ፈራሁ።

ጥቅምት 9

ቢሮ። ላፕቶፑን ይዤ ሄጄ ባልደረባዬን «አውቃለሁ»ን ጠየቅኩት። (ስሙ ሌላ ነው። ነገር ሳይጨርሱለት «አውቃለሁ» ስለሚል ወጣለት።) ምስሉን የሚሠራው የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ በተሻለ ይቀየራል ወይ?

«እንዴታ! እኔ ራሴ በእጄ ቀይሬያለሁ። አሮጌውን መንቀል፣ አዲሱን መሰካት።»

ከምሳ ሲመለስ አንድ ይዞልኝ መጣ፣ በውሰት። ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ ጡብ የሚያህል። ከላፕቶፑ ጎን አስቀመጥነው። ካርዱ ከላፕቶፑ ይወፍራል …

«ለካ የቀየርኩት የዴስክቶፕ ነው» አለ ካርዱን እያገላበጠ።

ለእማዬ ስነግራት «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ብላ ሳቀችበት። እኔ ግን ከልቤ ተስፋ አድርጌ ነበር።

ጥቅምት 11

ጠጋኙ ጋ። ጠባብ ሱቅ፣ ብሎኖቹን በጠርሙስ ክዳን የሚያስቀምጥ ረጋ ያለ ሰው። የላፕቶፑን ጀርባ ፈትቶ ጎንበስ አለ።

«እህቴ፣ ይሄ አይቀየርም።» በመፍቻው ጫፍ ትንሽ ጥቁር ነገር አሳየኝ። «ከዋናው ቦርድ ጋር ተበይዷል። የሚነቀል ያላቸው ላፕቶፖች አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው። ያንቺ ከነሱ አይደለም።»

«ከውጭ የሚሰካስ?»

«እሱም አለ። የሚሰካበት ቀዳዳ ግን ያንቺ የለውም።»

«በቃ?»

«ካርዱ እንደተፈጠረ ነው። ሥራውን ልታቃልይለት ትችያለሽ።»

ከዚያ ማራገቢያውን ነካ ነካ አደረገና በወረንጦ አንድ ነጭ ክር ጎተተ። ጎተተ … አያልቅም። «ይሄስ? ሹራብ ትሠሪበታለሽ?»

ክሩን አወቅኩት።

ቤት ገብቼ ጠየቅኳት። አልካደችም። ጠዋት ላፕቶፑ ምስሉን ቀን ሙሉ እንዲሠራ ከፍቼው ስወጣ፣ እሷ አቧራ እንዳይገባበት ዳንቴል ታለብሰዋለች። እንደ ቴሌቪዥኑ። እንደ ሬዲዮኑ። ልመጣ ስል ታነሳለታለች። ስንቴ ጠፍቶ ጠብቆኛል! እኔ ካርዱን ስረግም …

«ሲሞቅ ደስ ብሎት መስሎኝ ነው» አለች።

ሳቅኩ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ደግሞ አለቀስኩ። ለካ እሷም ለቤቱ ብላ ነው የምትሳሳለት።

«ካርዱስ?» ስትለኝ «ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፣ አይቀየርም» አልኳት።

«እንደ ዓይኔ በይኛ። በያዘው ይሥራ።»

ጥቅምት 14

ሕልም። የድሮው ቤት ውስጥ ነኝ፣ ክፍሎቹ ግን ግማሾቹ ገና አልተሳሉም። ነጭ ናቸው። ከነጩ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ይሰማኛል። አባዬ ነው። ከሞተ ወዲህ በሕልሜ መጥቶ አያውቅም። ልገባ ብል የክፍሉን በር ገና አልሠራሁትም …

ጥቅምት 16

ማራገቢያው ከተጸዳ ወዲህ መጥፋቱን ትቷል። ኮኩ ሲመጣ ግን አሁንም ይንቀራፈፋል። ቅጠሉን በግማሽ ቀነስኩ። እንደገና በግማሽ። ዛፉ የታመመ መሰለ።

እማዬን ጠየቅኳት፣ ኮኩን ከየት ሆነሽ ነበር የምታይው?

«ኮኩን መቼ አየሁት ልጄ? ስጠርግ አቀርቅሬ። ጥላውን ነው የማውቀው።»

ጠዋት፣ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ። ያኔ አባዬ ዳቦ ቤት ሌሊቱን ሠርቶ ይመጣል። ዱቄቱን አራግፎ ይተኛል። እኛ ልጆቹ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ኮቴያችንን እናጠፋለን። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ዳንቴሏን ትሠራለች። «ሰዓት አልነበረኝም። ጥላው ቁም ሳጥኑ ጋ ሲደርስ ተነስቼ ምሳ እጥዳለሁ።»

ይሄን ሁሉ ጊዜ ቅጠል ሳበጅ … ማንም ቀና ብሎ ላላየው ዛፍ?

ጥቅምት 18

ዛፉን አጠፋሁት። ሙሉውን። እጄ ትንሽ እምቢ አለኝ። ጥላውን ብቻ ሥዕል አድርጌ ግድግዳው ላይ አሳረፍኩት፣ ቀስ ብሎ እንዲወዛወዝ። ላፕቶፑ ትንፍሽ አላለም። ከክፍል ወደ ክፍል ሄድኩ፣ እንደ ሕልም፣ ሳይደናቀፍ።

እማዬን አስቀመጥኳትና ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አደረግኩላት። ይሄ ወደፊት፣ ይሄ ወደ ጎን። ኮሪደሩን ከነትከሻዋ ነው የታጠፈችው። መኝታ ቤቱ ስትደርስ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። ብርሃንና ጥላ አሁንም ትለያለች።

«ቁም ሳጥኑ ጋ ሊደርስ ነው» አለች።

ደስ አለኝ፣ ደረቴን እስኪያመኝ።

ጥቅምት 25

«አውቃለሁ» አዲስ ላፕቶፕ ግዢ ይለኛል። ይቆይ እስኪ።

ኅዳር 3

ዛሬ ከቢሮ ቀደም ብዬ ወጣሁ። በሩን ስከፍት ቤቱ ጸጥ ብሏል። እማዬ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጣለች፣ ዳንቴሏ ጭኗ ላይ። ክሩን በጣቷ እየዳበሰች ትሠራለች። ላፕቶፑን ምንም አላለበሰችውም። ስክሪኑ ላይ መኝታ ቤቱ ነው፣ ጥላው ይወዛወዛል። ብቻዋን ነው ከፍታ የገባችው።

«እማዬ?» አልኩ።

ቀና አላለችም። ከንፈሯ ላይ ያቺ የቀልድ ፈገግታዋ አለች።

«ቀስ በይ። አባትሽ ተኝቷል።»

ጫማዬን በሩ ላይ አወለቅኩ። ኮቴዬን አጥፍቼ ገባሁ።