በዝርዝሩ ያልገቡት ጳጳስ

ጥር 6
የሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ጠራኝ። ኢዮቤልዩው ሊደርስ ነው፤ የታሪክ መጽሐፍ ይፈለጋል። «ከእርስዎ የተሻለ ማን አለ፣ ጋሼ?» አለኝ አባ ጸሐፊ። ስድስተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ የቤት ሥራ የማይሠራ ነበር። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ጡረታ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት... በሬን የሚያንኳኳው የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ብቻ ነው።
በታይፕ የተጻፈ የጳጳሳት ዝርዝር ሰጠኝ። ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ፤ እርሳሶቼን ቀረጽኩ። ባለቤቴ «ደግሞ ማንን ልታርም ነው?» ብላ ሳቀች።

ጥር 8
ዝርዝሩ ላይ ሰባት ጳጳሳት አሉ። እኔ የማውቀው ስምንት ነው። ሁለቴ ቆጠርኩ። ሦስተኛው የሉም። ቀጭኑ፣ በብስክሌት የሚሄዱት፣ አሥራ አራት ወር ብቻ የቆዩት። ትልቋን ልጄን ያጠመቋት እሳቸው ናቸው። በቦታቸው «ሦስተኛ» ተብለው የተጻፉት ከእሳቸው በኋላ የተሾሙት ናቸው፤ የትምህርት ቤታችን የድሮ ዳይሬክተር። አዳራሹ በስማቸው የሚጠራው።
የታይፒስቷ ስህተት መሆን አለበት።

ጥር 9
ስህተት አይደለም።
«ጋሼ፣ አሥራ አራት ወር ምን ታሪክ አለው? ታመው ነው የሄዱት። ይረፉበት።»
«ቁጥሩ ይዛነፋል እኮ፣ አባ።»
«ከእርስዎና ከእግዚአብሔር በቀር ማን ይቆጥራል?»
ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ?

ጥር 14
መዝገብ ቤት ዋልኩ። ከመሬት በታች ነው፤ ግድግዳው ላብ ያልበዋል። ጠባቂዋ ሲስተር ሰማንያ አልፏቸዋል።
«ብስክሌተኛውን ፈልገህ ነው አይደል?»
«ማን ነገረዎት?»
«ለሌሎቹማ እዚህ ድረስ ምን አደከመህ? ፎቷቸው አዳራሽ ተሰቅሏል።»
በገመድ የታሰረ ፋይል አወጡልኝ። መጀመሪያ ያገኘሁት በየቁምስናው ቤተ ክርስቲያን የተነበበውን የጳጳሱን ደብዳቤ ነው። ዳይሬክተሩ ያኔ ተራ ካህን ነበሩ። አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ቀኝ ጆሮ ላይ በቁልፍ ዘለላ መቱ፤ ጆሮዋ ደነቆረ። ጳጳሱ ቤቷ ድረስ ሄደው እናቷ ፊት ተንበረከኩ። ከዚያ «ጥፋቱ የእኛ ነው» ብለው ጻፉ፤ ዳይሬክተሩም ከትምህርት ቤቱ እንዲነሡ አዘዙ።
ሲነበብ እዚያ ነበርኩ። መምህራን ሁላችን በንዴት ጨሰን ወጣን። በልጅቷ አልነበረም የተናደድነው... ስማችን ጠፋ ብለን ነው።
ከደብዳቤው ሥር አቤቱታ አለ። ለበላይ የተላከ፣ የሃያ ሁለት መምህራን ፊርማ ያለበት። «የብፁዕነታቸው አእምሮ ጤናማ ስላልሆነ ይነሡልን» ይላል። «ታመው ሄዱ» የተባለው ከዚህ ነው የመጣው። ጽሕፈቱን ያወቅሁት ገና ሳላነበው ነው።
የእኔ ነው።
«እጅ ጽሕፈትህ ያምር ነበር» አሉ ሲስተር።

ጥር 15
የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ሁሉ በንጹሕ የምገለብጠው እኔ ነበርኩ። ለባለቤቴ «ገለበጥኩት እንጂ አልጻፍኩትም» አልኳት።
«ስትገለብጥ ማንበብ አትችልም ነበር?»


ጥር 16
ተመልሼ ሄድኩ። የዳይሬክተሩ ረቂቅም ፋይሉ ውስጥ አለ። መስመር በመስመር አስተያየሁ፤ ልማዴ ነው። ረቂቁ «ቶሎ ይቆጣሉ፣ ሰው አይሰሙም» ይላል። በእኔ ጽሕፈት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨምሯል። «ብቻቸውን ሲያወሩ ታይተዋል።»
እኔ ነኝ የጨመርኩት። ማስረጃ ጎድሎታል ብዬ ይሆናል... አዎ፣ አይቻቸዋለሁ። አንድ ጠዋት አትክልቱ ውስጥ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ። እጃቸው ላይ መቁጠሪያ ነበር። እየጸለዩ ነበር። ያኔም አውቄዋለሁ።
እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። የሽማግሌ ሞኝነት።

ጥር 21
ልጅቷን አገኘኋት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ ከገበያው ጀርባ ነው፣ ሁለት የስፌት መኪና አላት። ግራ ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች።
«ውይ ጋሼ! ሱሪ ሊያሳጥሩ ነው? ወይስ እርስዎ ነዎት ያጠሩት?»
የመጣሁበትን ነገርኳት። መስፋቷን አላቆመችም።
«ጳጳሱ ከሄዱ በኋላ እርስዎ ክፍል ውስጥ የት እንዳስቀመጡኝ ያስታውሳሉ?»
«አላስታውስም።»
«መጨረሻ ወንበር።»
«እንደማትሰሚ ለምን አልነገርሽኝም?»
«ነገርኩዎት እኮ። ‹ጸጥ በይ› አሉኝ።»
ልጻፈው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።
«ይጻፉ። ግን በሙሉ ስሜ። ‹አንዲት ልጅ› ተብዬ እንዳልቀር።»

የካቲት 11
ምዕራፍ ሦስት አለቀ። አሥራ አንድ ገጽ። ደብዳቤው፣ አቤቱታው፣ የተጨመረው ዓረፍተ ነገርና የጨመረው ሰው። ስሟ ከነአባቷና ከነአያቷ። ሙሉውን ጽሑፍ አስረከብኩ።

የካቲት 19
አባ ጸሐፊ ሻይ አስቀዳልኝ። ስኳሩን ራሱ አማሰለልኝ፤ ለበሽተኛ እንደሚደረገው።
«አዳራሹ በስማቸው ነው እኮ፣ ጋሼ! ደግሞስ ለራስዎ አያዝኑም? በዚህ ዕድሜ ተማሪዎችዎን በየትኛው ዓይንዎ ሊያዩ?»
ምዕራፉ ይውጣ፤ የቀረው ከነፎቶዬ ይታተም ነው ነገሩ። ፎቶ! በለስላሳ ድምፅ ያባብለኛል። ዳይሬክተሩም አቤቱታውን ሲያስገለብጡኝ እንዲህ ነበር ያባበሉኝ።
«ምዕራፉ ከወጣ ስሜም ይውጣ» አልኩት።
«እንደፈቀዱ» አለ፤ ቶሎ። ገላገልኩት መሰለኝ። ምዕራፉን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ሻዩን አልነካሁትም።

መጋቢት 4
መጽሐፉ ዛሬ ተመረቀ። ሰባት ጳጳሳት፣ የጸሐፊ ስም የለውም። የመዘምራኑ ድምፅ ቤታችን ድረስ ይሰማል። ባለቤቴ ጃኬቴን አቀበለችኝ፤ የት ትሄዳለህ አላለችም።
ሱቁ ሞልቶ ነበር። አራት ሴቶች ልብሳቸውን ይጠብቃሉ። ገጾቹን ሳወጣ መኪናዋን አቆመች።
«ጮክ ብለው ያንብቡት።»
«ሰው አለ እኮ...»
«ለዚህ አይደል የጻፉት?»
ቆሜ አነበብኩ። ስሟ ሲጠራ ሴቶቹ ዞረው አዩአት፤ ቀና ብላ አየቻቸው። ብቻቸውን ሲያወሩ ታይተዋል የሚለው ጋ ስደርስ አንዷ፣ ለምረቃው የተሰፋ ቀሚሷን ታቅፋ፣ «ወይ ጉድ! ማነው እሱ ይሄን የጻፈው?» አለች። የጻፈው ሰው ስም በሚቀጥለው ገጽ ላይ ነው።
«እኔ ነኝ።»
«አልሰማሁም፣ ጋሼ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ግራ ጆሮዋን አቅንታ።
«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።
ባለ ቀሚሷ ከአጠገቤ ፈቀቅ አለች። ገጹን ገልጬ ቀጠልኩ።