የአመዱ ጣሪያ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3 ቀን 1977

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ የንዋይን ሱሪ አጠብኩ። ውሃ ብቀይር፣ ብቀይር… አመዱ አይለቅም። መሐንዲስ አገባሁ እንጂ ወፍጮ ቤት አላገባሁም!

ራት ላይ ደግሞ ጀመረ። ሲሚንቶ የሚሠራው ድንጋይ ተቃጥሎ ነው፣ ጭሱ ሰማይ ላይ እየተጠራቀመ ዓለምን ያሞቃል ይላሉ፣ የእኛ ተራሮች ግን እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ሞልቷቸዋል፣ የሲሚንቶውን ሲሶ በእሱ ብንተካ…

"ዘውዴ፣ እግዜር አንዴ አቃጥሎ ሰጥቶናል። ለምን ደግመን እናቃጥላለን?" አለኝ።

"ናዝሬት ከዚህ በላይ ምን ልትሞቅ?" አልኩት። ሳቀ። ሳቁን እወድለታለሁ። አመዱ ግን ሰልችቶኛል።

ዓርብ፣ መጋቢት 6

ተፈቀደለት! ከወለንጪቲ ወዲያ የሚሠራው ጤና ኬላ ጣሪያው አመድ በገባበት አርማታ ይሞላል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ አስፋው ለአመዱ ፍቅር ኖሮት አይደለም። ሲሚንቶ ጠፍቶበት ነው። "ለሠራተኞች ቀን ይመረቃል። ከተበላሸ እኔ የለሁበትም" ብሎታል።

ይህ ጣሪያ ከቆመ ሌላውም ሥራ በአመድ ይሆናል አለኝ። ስንት ዓመት የለፋበት ነገር… ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ። እኔም ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 15

አብሬው ሄድኩ። ጣሪያው ትናንት ተሞልቷል። አገሩ ግን… መንገዱ ዳር የከብት አጥንት ብቻ። ሰዉ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

አመድ ያለበት አርማታ ቶሎ አይጠነክርም አሉ። ከወር በላይ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ውሃ መጠጣት አለበት። ውሃውን ቦቴ ከአዋሽ ያመጣል። ቦቴው ሲደርስ አቶ ሰንበታ የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ መጡ። "አካም ጅርቱ" ብለው ጨበጡን። ከዚያ ጣሪያውን ቀና ብለው እያዩ፣

"ልጄ፣ ጉድጓዳችን ከነጠፈ ቆየ። ይሄ ቤት ከእኛ በፊት ነው የሚጠጣው?" አሉት።

ንዋይ አቀረቀረ። እኔም አፈርኩ። ምን ይባላል?

ሐሙስ፣ መጋቢት 26

ተጣላን። ለካስ ውሃውን ለሰዉ እየሰጠው ነው! ጆንያዎቹ ደርቀው ድርቆሽ ሆነዋል።

"አብደሃል? የራስህን ጣሪያ በራስህ እጅ?"

"ዙለይካ የምትባል እናት አለች። ልጇን ቦቴው ሥር አስተኝታ ጠብታ ትጠብቃለች። አንቺ ብትሆኚ ውሃውን ጆንያ ላይ ታፈሺዋለሽ?"

ተጨማሪ ውሃ እንዲላክ ጓድ አስፋውን ለምኖት ነበር። "ቦቴው የግንባታ ነው፣ ለሰው ሌላ መሥሪያ ቤት አለ" አለው። እስቲ አሁን ይህ ከሰው አፍ ይወጣል?

ብቻ… አመዱ ባይኖርበት ጣሪያው በትንሽ ውሃ ይቆም ነበር። ይህን እሱም ያውቃል። "አመዱን ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ" አለኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 16

ወደቀ። ለምረቃው ይድረስ ብለው ጣሪያውን የደገፈውን እንጨት አስነቀሉት። ጥቂት ቀን ስጡኝ ብሎ ለመነ፣ ማን ሰምቶት። መሐሉ ተሰነጠቀ፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ተደረመሰ። ሰው አልተጎዳም፣ እመቤቴ ትመስገን።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 18

ስብሰባ ተደረገ። አሻጥር ነው ተባለ። ውሃው የት ገባ ብለው አፋጠጡት። እሱ ምን አለ? "ውሃውን ጣሪያው ጠጥቶታል። ጥፋቱ የአመዱ ነው፣ ለግንባታ አይሆንም።" ጽፎ ፈረመ።

ቤት ገብቶ ሲነግረኝ ጮህኩ። "ለምን እውነቱን አልተናገርክም?"

"የመንግሥት ውሃ ሰረቁ ብለው መንደሩን በሙሉ ይለቅሙታል። ሰንበታን፣ ዙለይካን… ለማንም እንዳትናገሪ። ማይልኝ።"

ማልኩለት።

ዓርብ፣ ግንቦት 2

ወሰዱት። ጫማውን እንኳ አላሰሩትም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15

አቶ ሰንበታ ናዝሬት ድረስ መጡ። እንዴት ቤቱን እንዳገኙት እንጃ። ቁጭ እንዲሉ ብለምናቸው እምቢ አሉ።

"እኛ ነን የጠጣነው። ሄደን እንመስክር?"

አዎ ሂዱ፣ ባሌን አውጡልኝ ልል አፌን ከፈትኩ… መሐላዬ ያዘኝ። "አይሆንም አባባ። እሱ አይፈልግም" አልኳቸው። እያለቀሱ ወጡ። ከሄዱ በኋላ እኔም በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው ያገባሁት?

እሑድ፣ ኅዳር 8 ቀን 1978

ንዋይ ከተፈታ ወር አለፈው። ከሥራ አባርረውታል። ከስቷል፣ ከሰው አይቀላቀልም። የጤና ኬላው ጣሪያ በሲሚንቶ ብቻ ተሞልቷል አሉ። አመድ የሚባል ነገር በመሥሪያ ቤቱ ሥራ እንዳይገባ ታግዷል፣ በእሱ ፊርማ።

ዛሬ ጎረቤታችን አብዱናሲር መጣ። ኩሽና ሊሠራ ነው። ሲሚንቶ ከየት ይምጣ? "ንዋይ፣ ያ አመድህ ለእኔ አይሆነኝም?" አለው። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ሰፌዱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ንገረው… ስንቱ እጅ ሲሚንቶ፣ ስንቱ አመድ፣ ስንት ቀን ውሃ፣ እንደ ድሮው ጆሮውን አደንቁረው! እዚህ እኮ ቧንቧ አለ። የሚሰማህም የለም።

"አይሆንም" አለው ንዋይ። "ሞክሬዋለሁ፣ ይፈርሳል።"

አብዱናሲር ከሄደ በኋላ ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፊቱን አየሁት። ለመንደሩ ሰዎች ሲል ነው አሁንም የሚዋሸው? ወይስ… ውሸቱን ራሱ አምኖት ነው?

ልጠይቀው ፈራሁ።