ልጄን «ቲቸር» ያስባለኝ ትምህርት

ለተከበሩ አቶ ምንዳዬ ገብረዋህድ
የ«ርቱዕ አንደበት» የንግግር እንግሊዝኛ ማሰልጠኛ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
ካዛንቺስ

ክቡርነትዎ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ተማሪዎ እጸገነት ተወልደ ለጤናዎ ዘወትር እጸልያለሁ፤ እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑብኝ አቤት የምልበት የለኝማ። ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልኩ፣ በጋዜጣ መምጣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

ስመዘገብ ጠረጴዛዎ ፊት ቆሜ ጉዳዬን አንድም ሳልደብቅ ነግሬዎታለሁ። ባሌ በሞተ በዓመቱ እኔም ታምሜ አልጋ ላይ ስውል፣ የአራት ዓመት ልጄን ራሕዋን ለጉዲፈቻ ወደ አውስትራሊያ ሰጠኋት፤ እግዜር ግን እኔን ሳይወስደኝ ቀረ። ዛሬ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አማርኛው ጠፍቶባታል፣ ሰኔ ሃያ አንድ ቀን ልታየኝ ትመጣለች። እርስዎም አይዞሽ፣ በሦስት ወር እንደ ውሃ ታወርጂዋለሽ አሉኝ። ስድስት ወር ሆነኝ፤ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. ስልሳ ሰው በአንድ ክፍል ስላስቀመጡን አመሰግናለሁ። መምህር ታዲዎስ ሲገቡ ሁላችንም ብድግ ብለን በአንድ ድምፅ «ፋይን ታንክ ዩ ቲቸር» እንላለን፤ ከዚያ ስለ ግሥ በአማርኛ ያስረዱናል፣ እንገለብጣለን፣ እንበተናለን። እውነቱን ለመናገር አማርኛዬ በእጅጉ ተሻሽሏል።

፪ኛ. ሆቴል አልጋ መያዝ፣ የጠበበ ሸሚዝ መመለስና የባቡር ትኬት መቁረጥ አስተምራችሁኛል። ለገሃር ባቡር መምጣት ከተወ ዓመታት ቢያልፉም፣ ድንገት ብቅ ካለ እኔ ዝግጁ ነኝ። በላሽ ወይ፣ በረደሽ ወይ፣ ፀጉርሽን ማን አበጠረሽ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ስጠይቃቸው ግን መምህሩ መጽሐፉ ላይ የለም አሉኝ።

፫ኛ. ባለፈው ቅዳሜ ሜክሲኮ ካለ ኢንተርኔት ቤት በስካይፕ ተገናኘን። ግንባሯ የአባቷ ነው። አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ እኔም በለመድኩት ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ «ፋይን ታንክ ዩ ቲቸር» አልኳት፤ ለካ ስቆም ካሜራው የሚያሳያት ሆዴን ብቻ ኖሯል። አጠገቤ የነበሩት ሳቁ። ቁጭ ስል እሷ አልሳቀችም፤ ደግማ ጠየቀችኝ፣ ደግሜ ያንኑ አልኳት፣ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ዘጋችው። የቤቱ ባለቤት ሸምሰዲን ከጎን ሰምቶ ኖሮ ምን እንዳለችኝ ነገረኝ። ለምን ሰጠሽኝ ነበር ያለችው።

ወገን ሁሉ አስተርጓሚ ያዢ ይለኛል። አልይዝም! የዚህን መልስ ልጄ ከሌላ ሰው አፍ አትሰማውም፤ አሥራ አራት ዓመት ሆዴ ውስጥ የያዝኩት እኔ ነኝ። ክቡርነትዎ፣ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ምግብ አልወርድ ብሎኛል። በወለደችዎ እናት ይሁንብዎ፣ ከአንድ መምህር ጋር ለአንድ ሰዓት ብቻዬን ያስቀምጡኝ። ግሡንም ሸሚዙንም ለሌሎቹ ይተውላቸው፤ ለእኔ «የምሞት መስሎኝ ነው» ማለትን ብቻ ያስተምሩኝ።

በእንግሊዝኛ ብቻዋን አንዲት ቃል ሳትተነፍስ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ሰርተፍኬት የሸለሟት፣ ውለታዎን እስከ መቃብር የማትረሳ ታዛዥ ተማሪዎ፣
እጸገነት ተወልደ
ሰንጋ ተራ፣ ሰኔ 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ክፍላችን በር ላይ አማርኛ መናገር ክልክል ነው የሚል፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወቂያ አለ። ትምህርቱ የማይሆንልዎ ከሆነ እሱን ነቅለው ይስጡኝና ቤቴ በር ላይ ልለጥፈው። ልጄ መጥታ እናቷ አፏን ዘግታ ስትቀመጥባት፣ ደንብ ከልክሏት ነው ብላ ትመለስ እንጂ አልወደደችኝም ብላ አትመለስብኝ።