ብየዳ ልለምድ ገብቼ በር ላይ ተጎለትኩ

ውድ እኅቴ ፈጠነች፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ የመተሐራን ሙቀት እንዴት ቻሉት? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬም የጉኑኖን ቤቴን ትቼ የትም አልሄድም እንዳለች ነው። ጓሮ የተከለችው ቦይናዋ ዘንድሮ አምሮላታል።

ስትደውዪ፣ ባለቤትሽ ጋሼ እሸቴ እዚያ አንድ መጋዘን በር ላይ የጥበቃ ሥራ አግኝቶልሃል ስትዪኝ ዝም ያልኩሽ፣ በስልክ ብናገር አፌ እንዳይበላሽ ብዬ ነው።

ከሠራዊቱ የተሰናበትነውን ሙያ እናስለምዳለን ብለው ሶዶ ሰበሰቡን። አንድ ከረባታም "ጀግኖቻችን" እያለ ግማሽ ቀን ለፈለፈ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ከዚያ እኔን ብየዳ እንድለምድ አረካ፣ ሐብተማርያም የሚባል የብረታ ብረት ቤት ያለው ሰው ዘንድ መደቡኝ። ለእኔ መለማመጃ ተብሎ አዲስ መበየጃ ማሽን ሰጡት። ማሽኑን ተቀብሎ ለእኔ ወንበርና ዱላ ሰጠኝ። ወታደር አይደለህ፣ በሩ ላይ ሁን፣ ያለ እኔ ፈቃድ ማንም እንዳይገባ አለኝ።

ክረምቱን ሙሉ፣ እስከ ኅዳርም ድረስ እዚያ ተጎለትኩ። መቼ ነው የምታስተምረኝ ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። እኔ ጥበቃን ንቄ አይደለም፣ ጉልበቴ የሚያውቀው እሱን ነው። የናቅኩት ወታደር ሲባል ከዱላና ከበር ሌላ የማይታየውን ሰው ነው።

ባለፈው ሳምንት የሶዶዎቹ ሰዎች ለማጁን ፎቶ ሊያነሡ መጡ። እኔም በሩን ዘጋሁባቸው። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይገባም አልኩ። ከረባታሙ ለማጁን ልናይ ነው ቢለኝ፣ እዚህ ለማጅ የለም፣ ያለሁት እኔ ዘበኛው ነኝ አልኩት። ስሜን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። የለማጆች ስም ያለበትን ወረቀቱን አየ፣ ዱላዬን አየ። ፀሐዩ አናታቸውን እየበላው አቆምኳቸው።

ሐብተማርያም ከጓሮ እየሮጠ መጥቶ የብየዳ መነጽር ሊያጠልቅልኝ ሞከረ። አውልቄ መለስኩለት፤ ሳልችል የቻልኩ መስዬ ፎቶ አልነሣም አልኩ። ከረባታሙ አፍሮ ይሁን ተናዶ እንጃ፣ ወይ አስተምረው ወይ ማሽኑን መልስ አለው። ከማሽኑ መለየት ከሞት ስለከበደው ማስተማር ጀመረ።

ኩሪብኝ አልልሽም። የመጀመሪያ ሥራዬ የአልጋ እግር ነበር፣ ጠመመ። ሐብተማርያም ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። ዓይኔ ሌሊቱን ሙሉ ሚጥሚጣ እንደገባበት ይለበልበኛል። ቢሆንም እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማኅሌትንና ዘሩባቤልን ሳሚልኝ። አማትሽን እማማ የትምወርቅን እግራቸውን ዳብሺልኝ፤ ጤና ይስጥልኝ ብሏል በያቸው። ጋሼ እሸቴንም ስለ አሳቡ አመስግኚልኝ። ለባለ መጋዘኑ ግን እንዲህ ይበልልኝ፤ በሩ ላይ አልቆምም፣ ሙያው ሲገባኝ በሩን እሠራለታለሁ።

ወንድምሽ ቶማ
አረካ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.