በስምሪት ወረቀት ጀርባ የተጻፈ ሕይወት

ሹፌሮች፣ ትኬት ቆራጮች፣ መካኒኮችና ጎረቤቶች ሁሉ «እትዬ ስምሪት» እያሉ የሚጠሯቸው እህታችን፣ ከልብስ ሰፊዋ እናታቸውና ከመጋዘን ጠባቂው አባታቸው ጥቅምት 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ዴፖው አጥር ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ተወለደ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው እሱ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሩ። ከክፍላቸው ሁለተኛ እንጂ አንደኛ ወጥተው አያውቁም። ወንድማቸው ሁልጊዜ አንደኛ ነበር። እናታቸው ግን ደጋግመው የሚያነቡት የልጅቷን ካርድ ነበር፤ መምህሯ ከታች «ታዳምጣለች» ብላ ጽፋበት ነበርና። በወንድምየው ካርድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ አያውቅም።

በ1967 ዓ.ም. በዴፖው ስምሪት ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው ከጠዋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ በአንዲት ጠባብ መስኮት በኩል፣ ለእያንዳንዱ ሹፌር የመኪናውን ቁጥር፣ መስመሩንና የመነሻ ሰዓቱን የያዘውን የስምሪት ወረቀት መስጠት ነበር። ፍሬኑ መፈተሹን የሚያረጋግጥ የመካኒክ ፊርማ የሌለበት ወረቀት ከእጃቸው አይወጣም። ከፈራሚው መካኒክ ጋር በ1970 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ «እኔ እንኳ አይቼ፣ ፈትሼ፣ ፈርሜ ነው የገባሁበት» ይላሉ።

በ1975 ዓ.ም. አንድ ጠዋት፣ የወረቀቱ ጀርባ ባዶውን መሄዱ አላስችል ብሏቸው፣ የዕለቱን የመጽሐፍ ቅዱስ ምንባብና አራት መስመር ሐሳብ ጻፉበት። ርዝመቱን የወሰነው ቀይ መብራት ነው። መብራቱ ሳይለቅ ተነቦ ማለቅ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዛሬ ብዙ ሰው አሳምሮ ሊተርከው ይፈልጋል። በዚህ ቀብር ከፊት ወንበር ከተቀመጡት የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ አባላት መካከል «እኛ ያሳደግናቸው» ሲሉ የተሰሙ አሉ። አላሳደጓቸውም። በ1978 ዓ.ም. «መኪና የምታሰማራ ሴት ቃሉን ላብራራ ማለቷ ድፍረት ነው» የሚል ደብዳቤ ወደ ዴፖው የላኩት እነሱ ናቸው። ደብዳቤው በእጃችን ይገኛል። እውነቱ ሙሉውን ይነገር ከተባለ ደግሞ፣ ያረቀቀላቸው ታናሽ ወንድማቸው ነበር።

ወንድማቸው በዚያን ጊዜ የነገረ መለኮት ትምህርቱን ጨርሶ፣ የስሕተት ትምህርትን የሚሞግቱ ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት አሳትሟል። እትዬ ስምሪት ስለ ደብዳቤው አንድም ቀን አላነሡበትም። ይልቁንም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ እየደወሉ፣ «ወንድምዬ፣ የነገው ምንባብ ምን ማለት ነው?» ይሉታል። እሱም ያስረዳል። አንድ ቀን፣ በመንገድ ዳር ዓይነ ስውሩ ሲጣራ ጌታ ስለ መቆሙ አርባ ደቂቃ አስረዳቸው። በማግስቱ በወረቀቱ ጀርባ ይህ ወጣ፦ «ሰው ከቦት፣ የሚሄድበት ጉዳይ እያለው፣ አንድ ሰው ሲጠራው ቆመ። ዛሬ በመስታወታችሁ የሚሮጥ ሰው ካያችሁ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ቁሙለት።»

በዚያ ቀን አውቶቡሶቹ በሙሉ ለሚሮጥ ሰው ቆሙ። መስመሩ ሁሉ ዘገየ፤ ሥራ አስኪያጁም እትዬ ስምሪትን አስጠርተው ገሠጿቸው። ለወንድማቸው ሁለት መጻሕፍት ግን እስከ ዛሬ አንድ ብስክሌት እንኳ አልቆመም።

ቅናት ነው የሚል ካለ፣ አዎ፣ ቅናት ነው። ሐሳቡ ከእሱ አፍ ወጥቶ ሹፌሮች ዓይናቸውን የሚጠርጉት በእሳቸው አራት መስመር ነበር። «እትዬ፣ ሐሳቡ የኔ ነው፤ ስሜን ከሥሩ አድርጊልኝ» ብሎ ለመናቸው። «ያንተ ስም ከነማዕረጉ ሁለት መስመር ይበላል። ለጌታ ምን ልተውለት?» አሉት።

በ1991 ዓ.ም. የወይን አትክልት ሠራተኞቹን ምሳሌ ሲጽፉ፣ ከማቴዎስ የተገኘውን ከማርቆስ ነው አሉ። ወንድማቸው በማለዳ መስኮቱ ድረስ ሄዶ፣ ተሰልፈው በቆሙት ሹፌሮች ፊት ስሕተቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ አወጀ። በማግስቱ «ትናንት ማርቆስ ያልኳችሁ ማቴዎስ ነው። የሚያርመኝ ወንድም ስላለኝ እንቅልፌን እተኛለሁ» ብለው ጻፉ። ሹፌሮቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድምየውን «ፍሬን» ይሉታል።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ ጽሑፉ ግን አልወጣም። ታናሽ ልጃቸው ገጹን በየማታው ለዴፖው ታደርስ ነበር። ባለፈው ዓመት ዴፖው ጽሑፎቹን በመጽሐፍ ለማሳተም ተነሣ። ሙሉ ስብስቡ የሚገኘው በወንድማቸው ቤት ብቻ ነበር፤ ስሕተት ሊይዝባቸው ሲል አንዲት ወረቀት ሳትቀር ያስቀምጥ ነበርና። በሽፋኑ ላይ ስሜ ካልሰፈረ አልሰጥም ብሎ ያዘው።

በዚህ ዓመት መጋቢት ወር በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ተኙ። እጃቸው ብዕር መያዝ ሲያቅተው ባለቤታቸው ወንድምየውን «አንተ ቀጥልበት» አሉት። አርባ አንድ ዓመት የጠበቀው ቀን ደረሰ፤ ጻፈ።

በሦስተኛው ቀን «ጢሞ» የሚባለው አንጋፋ ሹፌር ሊጠይቃቸው መጣ። «እትዬ፣ ምን አስቀየምንዎት?» አለ አልጋው ጫፍ ቆሞ። «የትናንቱን የጨረስኩት በአራት መብራት ነው። ከኋላዬ ጥሩምባ፣ ከፊቴ የወረቀቱ ቁጣ።» እትዬ ስምሪት ነርሷ ደንግጣ እስክትገባ ድረስ ሳቁ። ሹፌሩ ሲወጣ ወደ ወንድማቸው ዞረው፣ «አንተን አርባ ዓመት ሰምቼሃለሁ። እነሱን አንድ ቀን ሰምተሃቸዋል?» አሉት።

ተቆጥቶ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ግን፣ ዴፖው ፈቅዶለት፣ ከመስኮቱ ኋላ ተቀምጦ ወረቀት አደለ። አንዱ ልጁ አኩርፋው ከቤት መውጣቷን፣ ሌላው መሪ ሲይዝ እጁ እየደነዘዘ ለአለቃው መናገር መፍራቱን፣ ሦስተኛው ትናንት ተሳፋሪ ፊት መሰደቡን፣ ወረቀቱን እየተቀበሉ በሁለት በሁለት ቃል ያወሩታል። እትዬ ስምሪት ከአሥር ሰዓቱ ስልክ የሚያገኙት የጽሑፋቸውን ግማሽ ብቻ ነበር። ሌላው ግማሽ የሚገባው በዚህ መስኮት ነው።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ከመስኮቱ አልጠፋም። በአሥረኛው ቀን አራት መስመር ጻፈ። ጢሞ አንብቦ ወረቀቱን ኪሱ ከተተና፣ «እትዬ ተሻላቸው ማለት ነው» ብሎ ሄደ። ወንድማቸው ይህን ክስ ይዞ ሆስፒታል ደረሰ። «የኔን ጽሑፍ ያንቺ ነው አሉት» አላቸው። እትዬ ስምሪትም፣ «ስምህን አንድም ሰው አልጠራውም?» ብለው ጠየቁት። «አንድም ሰው» አላቸው። «እንኳን ደስ ያለህ፤ ሥራ ጀመርክ» አሉት።

ከዚህ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ማክሰኞ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና አንድ ወንድማቸው በሐዘን ተቀምጠዋል። አርባ አንድ ዓመት የተሰበሰበው ወረቀት ትናንት ለዴፖው ተሰጥቷል። በሽፋኑ ላይ የሚሰፍረው ስም አንድ ነው።

በዚህ የቀብር መርሐ ግብር ወረቀት ጀርባ በ1991 ዓ.ም. የጻፉት ታትሟል፦ «ማርቆስ እንደ ነገረን፣ ጎህ ሳይቀድ የገባው ሠራተኛ ማታ በገባው ቀና። አልፈርድበትም፤ ደክሞታል። የወይኑ ባለቤትም አላባረረውም። ወዳጄ ብሎ ነው የመለሰለት።» አታሚው ማርቆስ የሚለውን ላርመው ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። እንዳይነካው ያዘዘው ወንድማቸው ነው። ያን ጊዜ ከአራቱ መስመር ያነበበው ይህችን አንዲት ቃል ብቻ ነበር።

በመንገድ ዳር ለሚጠራው የሚቆም ጌታ፣ ለእትዬ ስምሪት ነፍስ ቆሞ ይቀበላት፤ ለቀረነውም መብራቱ ሳይለቅ ማስተዋሉን ይስጠን።