የሸለቆውን ሐኪሞች ያፎካከሩት ወይዘሮ ኔሪስ ሃውልስ

ወይዘሮ ኔሪስ ሃውልስ ከአባታቸው ከአቶ ጌቲን ፕሮበርትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦልዌን እ.ኤ.አ. በ1951 በዌልስ፣ ሮንዳ ሸለቆ ተወለዱ። ከሰል ቆፋሪው አባታቸው የጉድጓዱ አቧራ ሳንባቸውን ጨርሶት፣ ደረጃ መውጣት እንዳቃታቸው ሞቱ። ኔሪስ ያን ጊዜ ተማሪ ነበሩ።

በካርዲፍ ፋርማሲ አጥንተው ተመረቁ። በ1976 የቤተሰብ ሐኪም የሆኑትን ዶክተር ኢድዋል ሃውልስን አግብተው ቴግዌንንና ኢቮርን ወለዱ። በ1994 በመንግሥት የጤና ቢሮ የሚወዱትን ሥራ ጀመሩ፦ በሸለቆው ያሉትን የቤተሰብ ሐኪሞች እየዞሩ፣ ያው መድኃኒት በሌላ ስም በርካሽ እያለ ለምን ውዱን ታዝዛላችሁ እያሉ መወትወት። የመድኃኒቱን ዋጋ የሚከፍለው መንግሥት ነው፤ በዚህ ከተረፈው ገንዘብ ግማሹ ለሸለቆው ይመለስ ነበርና፣ ኔሪስ በዚያ ገንዘብ፣ ትንፋሽ ላጠራቸው የቀድሞ ቆፋሪዎች ቤት ለቤት የምትዞር ነርስ ሊያስቀጥሩ ቆርጠው ተነሡ።

ሐኪሞቹ ግን ወይ ፍንክች! ምሳ የሚጋብዛቸው የውዱ መድኃኒት ሻጭ ነው፤ እሳቸውን ማን ይሰማል? ከሁሉም የባሱት ባለቤታቸው ነበሩ። «ኔሪስ፣ ቤቱን እንደፈለግሽ አድርጊው፤ ክሊኒኬን ግን ተይልኝ» ይሏቸው ነበር።

አንድ ቅዳሜ እነዚሁ ሐኪሞች ራግቢ ሜዳ ላይ ለየመንደራቸው ቡድን ድምፃቸው እስኪዘጋ ሲጮኹ አዩና ነገሩ በራላቸው። ሰኞ ክሊኒኮቹን ርካሹን መድኃኒት በማዘዝ ማን እንደሚበልጥ እንደ ራግቢ ቡድን በደረጃ አሰልፈው፣ ዝርዝሩን በየክሊኒኩ ምሳ ክፍል ለጠፉ። ሸለቆው ተተራመሰ! ከጎረቤት መንደር በታች መሆንን የሚችል ሐኪም ጠፋ። መጨረሻ የወጡት ዶክተር ኢድዋል አኩርፈው ሰነበቱ፤ ከዚያ እልህ ይዟቸው በዓመቱ አንደኛ ወጡ። የነርሷም ገንዘብ ሊሞላ ተቃረበ።

ኋላ ግን ኔሪስ ጉድ ሰሙ። ባለቤታቸው አንደኛነታቸውን ላለማጣት ሲሉ፣ ርካሽ አቻ የሌለው ውድ መድኃኒት ብቻ ለሚያሽላት አስም ላለባት ሴት ሌላ ርካሽ አዝዘው፣ ሴትየዋ ታፍና ሆስፒታል ገብታለች።

«ርካሹ ለሚበቃው ርካሹን ስጥ አልኩህ እንጂ ሰው አፍን አልኩህ?» አሏቸው። በማግስቱ በገዛ እጃቸው ወደ መጨረሻ አወረዷቸው፤ ክሊኒኩ በዚያ ዓመት ለነርሷ ያተረፈው ገንዘብም ቀረ። ዶክተር ኢድዋል «እውነቷን ነው» ብለው ሴትየዋ ዘንድ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ የሚያስፈልገውን የከለከለ ሐኪም ነጥብ ይቀነስበት ጀመር። ነርሷ ዘገየች እንጂ አልቀረችም፤ በ1998 ሥራዋን ጀመረች።

ኔሪስ በካንሰር ሲታከሙ ቆይተው ማርች 4 ቀን 2023 ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ዐረፉ። አምላክ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበል። አሁን መዝሙሩን የሚያሰሙን ነርሷ የደረሰችላቸው ቆፋሪዎች ናቸው፤ የጸሎት ቤቱን ዳገት እየተደጋገፉ በእግራቸው ወጥተው መጥተዋል።